ካዛንቺስ፣ 9ኛ ፎቅ፣ ማታ 1 ሰዓት ከ40፦ አራት መብራት በአንድ ሪፖርት

ጤና ይስጥልን። ሰማይ ማየት የምንወድ ጥቂት ሰዎች እጅ አንድ ሪፖርት ገብቷል። ላኪው የካዛንቺስ ነዋሪ ናቸው፤ ስማቸውንም ሕንፃቸውንም አልጠቅስም። ጊዜው ታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ሐሙስ ማታ 1 ሰዓት ከ40 አካባቢ፤ ቦታው የ9ኛ ፎቅ በረንዳ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ።

ያዩት ይህ ነው። በደቡብ ምዕራብ፣ ከፉሪ ተራራ ብዙም ከፍ ሳይሉ፣ ሁለት ደማቅ ነጭ መብራቶች አንዱ ከአንዱ በላይ ተገትረው ነበር። አራት አምስት ደቂቃ ሳይነቃነቁ ቆይተው የታችኛው ወደ ግራ ተንሸራቶ ከሕንፃ ጀርባ ገባ። በዚህ መሀል ሌላ መብራት፣ ድምፅ የሌለው፣ ብልጭ ድርግም የማይል፣ ከሰሜን ምዕራብ መጥቶ አናት አልፎ ጥቂት እንደሄደ እዚያው ሰማይ ላይ ጠፋ። በስልክ በቀዱት ቪዲዮ ላይ ደግሞ በዓይናቸው ያላዩት አረንጓዴ ነጥብ ይንሳፈፋል። በመጨረሻም በሰሜን ምሥራቅ በኩል ቀላ ያለ መብራት ቀስ እያለ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር፤ ሊተኙ ሲገቡም እዚያው ትተውት ገቡ። የደቡብ ምዕራቡን ጥንድ እንደ አንድ ከቆጠርን አራት ናቸው።

ጥያቄዬ ምርመራው ከየት ይጀመር የሚል ነው። ምን እንጠይቃቸው? ሳይጠፋ ቶሎ መያዝ ያለበት መረጃ የቱ ነው? ከታየ ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው።

መልሱ እየበዛ ሲሄድ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ስለከበደ፣ ከዚህ በታች መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ ቃል አሳጥሬያቸዋለሁ። ምርቃቱንና የቻናል ማስታወቂያውን አውጥቻለሁ።

1ኛው መልስ ወዲያው ደረሰ፤ ስታርሊንክ (የኢንተርኔት ሳተላይት) ነው፣ ክሩ ይዘጋ ባይ ነው። እንዲህ ዓይነት ክር ላይ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ይሄው ነው። ለአንዱ መብራት ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ስለ ቀሪዎቹ ሦስት ግን ትንፍሽ አላለም።

2ኛው በትሕትና ነው የጀመረው፤ ነጥቡ ግን ለቀጣዩ ክርክር ሁሉ መሠረት ሆኗል። ሪፖርቱ አንድ ቢሆንም ጉዳዩ አራት ነው፤ ለእያንዳንዱ መብራት የራሱ ወረቀት ይከፈትለት ይላል። በየወረቀቱ የታየበት ደቂቃ፣ አቅጣጫው፣ ከአድማስ ያለው ከፍታ፣ የቆየበት ጊዜ፣ ቀለሙ፣ ድምፁና አጠፋፉ ይጻፋል። አንዱ ሲፈታ አራቱም ተፈቱ ማለት፣ ወይም አንዱ ስላልተፈታ አራቱም ምሥጢር ናቸው ማለት፣ ምርመራ የሚበላሽበት ዋናው ቦታ ነው። ከፍታን በተመለከተም የተዘረጋ እጅ ጫፍ ላይ ያለ ጭብጥ 10 ዲግሪ ገደማ፣ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ ያህል እንደምትሸፍን፣ ሙሉ ጨረቃ ግን ግማሽ ዲግሪ ብቻ እንደሆነች ጽፏል። ሰው ከአድማስ 20 ዲግሪ ላይ ያለውን ነገር የሰማዩ እኩሌታ ላይ ነበር ማለት ስለሚቀናው፣ በቃል የተነገረ ከፍታ እንዳለ አይወሰድም።

3ኛው ስለ አጠያየቅ ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ ሳይቋረጡ ከዳር እስከ ዳር ይናገሩ። አውሮፕላን ይሆን ወይስ ድሮን የሚል ቃል ከጠያቂው አፍ መውጣት የለበትም፤ አንዴ ከተባለ ትዝታው ራሱ ክንፍ ያበቅላል። በረንዳው ላይ ሌላ ሰው ከነበረ ለየብቻ ይጠየቅ፤ ተነጋግረው ሳይስማሙ በፊት እያንዳንዱ ያየውን በወረቀት ይሳል። ሰዓቱ ላይ ግን ትዝታ ሳይሆን ማስረጃ ይፈለግ፦ ለማን ደወሉ? ለማን መልእክት ላኩ? የጥሪ ዝርዝሩና ቴሌግራሙ ደቂቃውን ይዘውታል። ይቺን የመጨረሻዋን ነጥብ በጊዜው ብዙ ሰው አላስተዋላትም።

4ኛው ስቴላሪየም የተባለውን የሰማይ ካርታ ፕሮግራም ከፍቶ አዲስ አበባን መረጠና 01:40 አስገባ። በዚያ ሰዓት አናት ላይ ያለ ሳተላይት ፀሐይ ሊያገኘው አይችልም፤ ስለዚህ ያለፈው ድሮን ነው ብሎ ደመደመ። ስክሪንሹትም አያይዟል።

5ኛው አልማረውም። የኛ ማታ 1 ሰዓት ከ40 በፕሮግራሙ 19:40 ነው፣ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ደግሞ 16:40። የበረራ መከታተያው ድረ ገጽ ፍላይትራዳር ያለፈውን በረራ የሚያሳየው በዩቲሲ ነው፤ ስቴላሪየም በአካባቢው ሰዓት፤ የስልኩ ሰዓት ደግሞ ባለቤቱ እንደመረጠው። ሦስቱን ያላስታረቀ ሰው የሌላ ሌሊት ሰማይ ነው የሚመረምረው። ከሰዓቱ ይልቅ ቀኑ እንደሚያሳስት አክሎ፣ እኛ ሐሙስ ሌሊት 8 ሰዓት የምንለው ለፕሮግራሙ ዓርብ 02:00 እንደሆነ አሳይቷል። እንዲህ ዓይነት ሪፖርት ሲመዘገብ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ተብሎ ይጻፍ፤ ያኔ አይምታታም። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን ሰዓት ያልለየ ሰው ሰማይ ላይ አስተያየት አይስጥ የምትል አረፍተ ነገር ጨመረባት።

6ኛው ያው የ4ኛው ጸሐፊ ነው፤ ተቆጥቶ ተመለሰ። ሪፖርቱ አካባቢ ስለሚል ማንም ደቂቃውን አያውቅም፣ የቁጥር ትምህርትም አልጠየቅሁም አለ። የሁለቱን ቀጣይ ሦስት መልሶች አስተባባሪው አንስቷቸዋል፤ ከ6ኛው ቀጥሎ 10ኛው የሚመጣው ለዚህ ነው።

10ኛው ጨዋ ሰው ነው። አናት ያለፈው መብራት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ይሆናል አለ፤ ብልጭታ የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ ከፍታው 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

11ኛው ረጅሙ መልስ ሲሆን ሙሉውን ማንበብ ይገባ ነበር። ሳተላይት የራሱ መብራት የለውም፤ የሚታየው መሬት ላይ ጨልሞ እሱ ግን ገና ፀሐይ ላይ ሲሆን ነው። የመሬት ጥላ ውስጥ ሲገባ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ደብዝዞ ይሞታል፤ ሳይጠልቅና ደመና ሳይጋርደው ጠፋ የሚባለው ይህ ነው። ጥያቄው በዚያ ደቂቃ ጥላው ከአዲስ አበባ አናት በላይ በስንት ኪሎ ሜትር ይጀምር ነበር የሚለው ይሆናል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ፀሐይ እዚህ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በቁሟ ነው የምትወርደው፤ በሰዓት 14 ዲግሪ ያህል ከአድማስ በታች ትገባለች። እንግዲህ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ 21 ዲግሪ ታች ናት። የመሬትን ሬዲየስ 6,371 ለ21 ዲግሪ ኮሳይን ማለትም ለ0.934 አካፍሎ 6,371ን መቀነስ ነው፤ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል።

ከዚህ የሚከተለውን በሥርዓት አስቀምጦታል። 420 ላይ ያለው የጠፈር ጣቢያ አናት ሳይደርስ፣ ገና በምዕራብ በኩል እያለ ይጠፋ ነበር። ተመልካቹ ግን አናት አልፎ ነው ያሉት፤ ስለዚህ ከ450 በላይ የሚበር ነገር ነው። ነገር ግን፣ ይላል፣ ሰዓቱ 1 ከ40 ሳይሆን 1 ከ30 ቢሆን ጥላው ወደ 350 ይወርዳል፤ ያኔ የጠፈር ጣቢያው ተመልሶ ይገባል። ዐሥር ደቂቃ መልሱን ትገለብጣለች። 6ኛው ማንም ደቂቃውን አያውቅም ያለው ትክክል ነው፤ ከዚያ ያወጣው ድምዳሜ ግን ተገልብጧል፤ ደቂቃው ስለማይታወቅ ነው መፈለግ ያለበት። በነገራችን ላይ፣ አውሮፓ ውስጥ በበጋ ሌሊቱን ሙሉ ሳተላይት ስለሚታይ ከውጭ የተቀዳ መመሪያ እዚህ አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ በእኩለ ሌሊት አናት ላይ የታየ መብራት ዝቅተኛ ምሕዋር ላይ ያለ ሳተላይት ሊሆን አይችልም።

12ኛው ወደ 1ኛው ተመልሶ ስታርሊንክን ከተጠርጣሪነት አወጣው። ሥራ ላይ ያለ ስታርሊንክ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚበር የ11ኛውን ስሌት ያልፋል፤ ግን ደብዛዛ ነው፣ በመሀል ከተማው ብርሃን ከካዛንቺስ በረንዳ በዓይን መለየቱ ያጠራጥራል። ከግንቦት 2011 ጀምሮ ሰው የለመደው ተርታ ሰልፉ ደግሞ ከተመጠቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ የሚታይ ነው። ብቻውን፣ በደማቁ፣ ሳይርገበገብ የሚያልፍ ከሆነ ባዶ የሮኬት አካል ቢፈለግ ይሻላል አለ። አፈላለጉም፦ የሳተላይት መከታተያ ድረ ገጹ ሄቨንስ አቦቭ ላይ ቦታውን ሰሜን 9.02፣ ምሥራቅ 38.77 አድርጎ፣ ቀኑን መልሶ፣ የማታውን ደማቅ ሳተላይቶች ዝርዝር ማውጣት። የድምቀቱ ቁጥር ሲያንስ ነገሩ እንደሚደምቅ አይረሳ። የምሕዋር መረጃው የዚያን ሳምንት መሆን አለበት፤ የዛሬውን ይዞ ወደ ኋላ ማስላት ቀኑ በራቀ ቁጥር ስሕተቱን ወደ ደቂቃዎች ይገፋዋል። ፍጥነቱንም በጭብጥ መለካት ይቻላል። አናት ላይ በ550 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳተላይት አንድ ጭብጥ ለማቋረጥ 13 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በ11 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ግን ከኛ ከተማ ከፍታ አንፃር ሲታይ በ6 ሰከንድ ያልፈዋል። ሳተላይት ይፈጥናል ብሎ የሚያስብ ሁሉ እዚህ ላይ ይደነቃል።

13ኛው አረቄ ነው ብሎ ቀለደ። ይለፍ።

14ኛው ወደ ደቡብ ምዕራብ ወሰደን፤ አጻጻፉ የአቪዬሽን ሰው መሆኑን ያሳብቃል። የቦሌ ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች የተዘረጉት ከምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ቁጥራቸው 07 እና 25 የሆነው አቅጣጫቸው 70 እና 250 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ነው። አውሮፕላን ንፋስን ተጋፍጦ ነው የሚያርፈው። በበጋ ንፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ መጥቶ 07 ላይ ያርፋል። ከካዛንቺስ ደቡብ ምዕራብን ለሚያይ ሰው፣ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው አውሮፕላን አፍንጫው ከተመልካቹ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚዛነፈው፤ የማረፊያ መብራቱ ፊት ለፊት ዓይን ላይ ነው። የተለመደው ቁልቁለት 3 ዲግሪ ስለሆነ እየቀረበ ሲመጣ ይወርዳል፣ ግን የሚታይበት ከፍታ ያው 3 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይቆያል። በደቂቃ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ሲቀርብ የሚለወጠው ድምቀቱ ብቻ ነው፤ ለአራት ደቂቃ ተሰቅሎ ይቆያል። ከቀረበ በኋላ ማኮብኮቢያው ከተመልካቹ በስተደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ በድንገት ወደ ግራ ይንሸራተታል። ሪፖርቱ ከዚህ ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። ንፋሱ ለመላምት አይተው፤ የቦሌ የሜታር (የአውሮፕላን ማረፊያ የአየር ሁኔታ) መዝገብ፣ ኤች ኤ ኤ ቢ በሚለው መለያ፣ በየሰዓቱ አለ።

ከዚያ የክሩ አስቸኳይ ነገር መጣ። ፍላይትራዳር በነጻ አካውንት ወደ ኋላ የሚያሳየው 7 ቀን ብቻ ነው፤ ዛሬ 6ኛው ከሆነ ዛሬ ማታ ይከፈት አለ። ቪዲዮው፣ ቃለ መጠይቁ፣ ክርክሩ ነገም ይደርሳል።

15ኛው አልተዋጠለትም። አውሮፕላን ከሆነ ግራው ቀይ፣ ቀኙ አረንጓዴ፣ በዚያ ላይ ነጭ ብልጭታ ያለበት ነው፤ ሁለት ጸጥ ያሉ ነጭ መብራቶች አይሆንም፣ ድምፁስ የት ሄደ?

16ኛው ጋሼ ብሎ ነው የመለሰለት፤ ከአጻጻፉ ዕድሜ አንብቦበት መሆን አለበት። ፊት ለፊት ሲታይ የማረፊያው መብራት የክንፍ ጫፎቹን ቀለም ይውጠዋል። የጎን ቀለሙና ብልጭታው የሚለየው አውሮፕላኑ ጎኑን ሲሰጥ ነው፤ ስለዚህ እሳቸው የሚጠየቁት ቀለም ነበረው ወይ ተብለው አይደለም፣ ወደ ግራ መሄድ ሲጀምር ምን ተለወጠ ተብለው ነው። ድምፁ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 3 ሰከንድ ይፈልጋል። ከ15 ኪሎ ሜትር የተነሳው 45 ሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ያውም የካዛንቺስን ጀነሬተርና ታክሲ አልፎ።

17ኛው ቪዲዮውን ይዞ ገባ፤ ለኔ ከክሩ ሁሉ በተግባር የሚጠቅመው ይህ ነው። በዓይን ሳይታይ ቪዲዮ ላይ ብቻ ያለ ነጥብ መጀመሪያ ሌንሱ ውስጥ ይፈለግ። ቪዲዮውን አቁሞ የምስሉን አራት ማዕዘን በሁለት ሰያፍ መስመር ማገናኘት፤ የሚገናኙበት መሀሉ ነው። ከምስሉ ውስጥ ደማቁን መብራት፣ የመንገድ መብራትም ሆነ የግንባታ ቦታ ፓውዛ፣ ይዞ በመሀሉ በኩል መስመር ማሳለፍ። አረንጓዴው ነጥብ በዚያው መስመር ላይ በሌላኛው ወገን በእኩል ርቀት ከተገኘ የሌንስ ነጸብራቅ ነው። አንድ ቦታ ላይ መግጠሙ አይበቃም፤ ቢያንስ አምስት ቦታ እያቆሙ ይሞከር። እጅ ሲንቀሳቀስ ፓውዛው በምስሉ ላይ ወደ ግራ ሲሄድ ነጥቡ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ተቃራኒ እንቅስቃሴ ነው። ምስል ማረጋጊያው ዳሩን ስለሚቆርጥ መሀሉ ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል፣ ያ ችግር የለውም። ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ የዋለ ቪዲዮ ግን መሀሉ የት እንደነበረ አይታወቅም፤ ለዚህ ሥራ የሞተ ነው።

ስለዚህ ዋናው ቅጂ ይፈለግ። ቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሲልከው ይጨምቀዋል፣ ውስጡ ያለውን መረጃም ያራግፋል፤ እንደ ፋይል ተያይዞ ይላክ። ፋይሉ ውስጥ የሚገኘው ሰዓት ብዙ ጊዜ በዩቲሲ ስለሆነ 3 ሰዓት ይጨመርበታል፤ አንዳንድ ስልክ ደግሞ የሚመዘግበው ቀረጻው ያበቃበትን ደቂቃ ነው።

18ኛው ለ17ኛው ማሟያ ነው። ከመስመር ኮረንቲ የሚሠራ መብራት በኛ 50 ኸርዝ ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በሰከንድ 30 ምስል በሚቀዳ ስልክ ላይ ይህ በሰከንድ ወደ 10 የሚጠጋ መንቀጥቀጥ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ነጥብ ምድር ላይ የተሰካ ነው። የማይንቀጠቀጥ መሆኑ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ጥሩ ኤልኢዲ ያንን ያጠፋዋል።

19ኛው የሰሜን ምሥራቁ መብራት ሲሪየስ የምትባለው ደማቅ ኮከብ ናት አለ። 20ኛው በአንድ መስመር ዘጋው፦ ሲሪየስ በዚያ ሳምንት የምትወጣው ከማታው 2 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ስትወጣም በምሥራቅ ደቡብ ምሥራቅ በኩል እንጂ በሰሜን ምሥራቅ አይደለም።

21ኛው የማማ መብራት ይሆናል አለ፤ እንጦጦም ሆነ የከተማው ረጃጅም ሕንፃዎች ቀይ መብራት ያበራሉ። መንቀሳቀሱን በዓይን ስሕተት ፈታው። በጨለማ ውስጥ ብቻውን ያለ ነጥብ ላይ ትኩር ያለ ሰው ነጥቡ የሚዋልል ይመስለዋል፤ የዓይን ጥቃቅን እንቅስቃሴ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ መብራቱን ከበረንዳው ቋሚ ብረት ጠርዝ ጋር አስተካክሎ ጭንቅላትን ግድግዳ ላይ ማስደገፍ። ከብረቱ ካልራቀ አልተንቀሳቀሰም።

22ኛው ግን ከዚህ የተሻለ ነገር አለኝ ብሎ መጣ፤ እውነትም የተሻለ ነው። በካዛንቺስ ዙሪያ ያለውን ግንባታ አስቡ ይላል። ታወር ክሬን ማታ ሥራ ሲያቆም የመዞሪያው ፍሬን ተለቆ ነው የሚታደረው፤ ክንዱ ከተቆለፈ ንፋስ በጎኑ ሲመታው መሠረቱን ሊጥለው ስለሚችል፣ እንደ ነፋስ አመልካች በራሱ እንዲዞር ይተዋል። ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ቀይ መብራት ከንፋሱ ጋር ወዲያ ወዲህ ይላል። 50 ሜትር ክንድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ሲታይ፣ 30 ዲግሪ ብቻ ቢዞር ጫፉ 25 ሜትር ይጓዛል፤ ይህ ለተመልካቹ 1.4 ዲግሪ፣ ሦስት ሙሉ ጨረቃ ሊሞላ ምንም የማይቀረው ስፋት ነው። ያ የዓይን ስሕተት አይደለም፤ በእርግጥ ተንቀሳቅሷል። ማረጋገጫው ከዚያው በረንዳ፣ ስልኩ በዚያው ቦታ ተይዞ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ ማንሳት ነው። የስልክ ኮምፓስ በረንዳው ብረት አጠገብ ስለሚሳሳት አቅጣጫው በሕንፃ ጠርዝ ይያዝና በኋላ ከሳተላይት ካርታ ላይ ይለካ።

ከ23ኛው እስከ 27ኛው ያለው ከመንገድ ወጥቷል። አንዱ እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለምን አይዞሩበትም አለ። ሌላው ሳቀበት፤ እንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ የሚያየው የሰማይ ቁራጭ እጅግ ጠባብ ነው፣ የሚያልፍ መብራት ለመያዝ አይሆንም። የሚያስፈልገው መላ ሰማዩን የሚቀዳ ካሜራ ነው ብሎ ዕቃውን ዘረዘረ፦ ራስቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ባለ 180 ዲግሪ ሌንስ ካሜራ፣ የአክሪሊክ ጉልላት፣ ጉልላቱን ጤዛ እንዳያለብሰው የሚያሞቁ ሬዚስተሮች፣ መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ። በመሀል ከተማ 30 ሰከንድ መክፈት ምስሉን ነጭ ያደርገዋል፤ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ይበቃል። ሌላ ደግሞ በጥር 2017 በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ እየነደደ ሲበታተን የታየውን አነሳ፤ ከዚያ ያተረፍነው አንድ መለያ ነው። ተወርዋሪ ኮከብ በጥቂት ሰከንድ ያልቃል፤ ከምሕዋር የሚወድቅ ስብርባሪ ግን ወደ አድማስ አጋድሞ እየተቆራረጠ፣ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊታይ ይችላል። የካዛንቺሱ ከሁለቱም አይደለም።

28ኛው ድሮን አለኝ፣ አስነስቼ ከፍታውን ላጣራ አለ። 29ኛው ያለ ፈቃድ ድሮን ማስነሳት የተከለከለ መሆኑን፣ ካዛንቺስ ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ እንደሚርቅ በቁጣ አሳሰበው። ቁጣው ተገቢ ነው።

30ኛው መንግሥታት ይደብቃሉ፣ እናንተም ትተባበራላችሁ አለ። 31ኛው በቁጥር መለሰለት። የአሜሪካ አየር ኃይል ከ1947 እስከ 1969 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በብሉ ቡክ ፕሮጀክትና ከሱ በፊት በነበሩት ከሰበሰበው 12,618 የማይታወቁ የሰማይ ነገሮች ሪፖርት 701 ሳይፈታ ቀርቷል፤ ቁጥሩን ይፋ ያደረገው ራሱ ነው። በፈረንሳይ የጠፈር ተቋም ሥር ያለው መርማሪ ክፍል ጌይፓንም ጉዳዮቹን በአራት ይመድባል፦ የታወቀ፣ የታወቀ የሚመስል፣ መረጃው የማይበቃ፣ በቂ መረጃ እያለው ያልተፈታ። ሦስተኛውንና አራተኛውን መቀላቀል ነው ሰውን የሚያሳስተው ይላል። ያልታወቀ ማለትና የማይታወቅ ማለት ለየቅል ናቸው።

32ኛው በዚያው ማታ ፍላይትራዳርን የከፈተው ሰው ነው። በ16:40 ዩቲሲ ዙሪያ ከምዕራብ ደቡብ ምዕራብ መጥቶ 07 ላይ ያረፈ አንድ አውሮፕላን አግኝቷል፤ አቅጣጫውም ደቂቃውም ከታችኛው መብራት ጋር ይገጥማል። ከኋላው ተከትሎ የገባ ግን በመዝገቡ ላይ የለም። የላይኛው መብራት ባለቤት አጣ።

33ኛው መልስ የአስተባባሪው ነው፤ ነዋሪውን አነጋግሯል። ለእኅታቸው የላኩት መልእክት ላይ 19:44 ይላል፤ የላኩትም አናት ያለፈው ከጠፋ በኋላ ወዲያው ነው። የጠፈር ጣቢያው በዚህ ከተጠርጣሪነት ወጣ። ዋናው ፋይልም መጥቷል፤ አረንጓዴው ነጥብ ከታች ካለ ፓውዛ ጋር በስድስት ቦታ ተፈትኖ በስድስቱም ገጥሟል። በቀን ያነሱት ፎቶ ላይ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ታወር ክሬን ቆሟል።

34ኛው እንግዲህ ርዕሱ ላይ ተፈቷል ተብሎ ይጻፍ ሲል 35ኛው ተቃወመ፤ እኔም ከሱ ጋር ነኝ። ነጥቡና የታችኛው መብራት የታወቁ ናቸው። ክሬኑ የታወቀ የሚመስል ነው፤ ማታ መብራት እንደሚያበራ ገና አልታየም። አናት ያለፈው ሳተላይት ወይም የሮኬት አካል ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን ስም አልተገኘለትም። የላይኛው መብራት መረጃው የማይበቃ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፤ የታችኛው ከሄደ በኋላ የት እንደደረሰ እንኳ አልተጠየቀም። ሁሉም አውሮፕላን ፍላይትራዳር ላይ አይታይም፤ ኤዲኤስቢ ኤክስቼንጅና ኦፕንስካይ የተባሉት ሌሎች የበረራ መከታተያዎች ሳያጣሩ ያስቀምጣሉና የቆየ መዝገባቸውን መክፈት የሚችል ሰው ከ16:30 እስከ 16:50 ዩቲሲ ያለውን ያውጣ።

36ኛው እኔ አወጣዋለሁ ብሏል። 37ኛው ደግሞ 4ኛውና 5ኛው ታርቀው እንደሆነ ይጠይቃል። አልታረቁም።